አልኮል አልባ የእጅ ማጽጃ ዋይፕስ በአጥቢያችን፦ ጥቅሙ፣ ወሰኑና የአጠቃቀም ጥንቃቄው

ዓመታዊ ክብረ በዓል፣ ሰንበቴ፣ የጽዋ ማኅበር፣ የጸበል ቦታ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መርሐ ግብር፤ እነዚህ ሁሉ ብዙ እጅ በአንድ ስፍራ የሚገናኝባቸው ናቸው። አንዱ ጧፍ ያበራል፣ ሌላው መስቀል ይሳለማል፣ ሌላዋ እንጀራ ታቀርባለች፣ ሌላው ጠላ ይቀዳል። በእንዲህ ያለ ጉባኤ አንድ ያልጸዳ እጅ የሚያደርሰው ጉዳት በአንድ ቤት ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ስለዚህ የእጅ ንጽሕና ጉዳይ የእያንዳንዱ ምእመን ኃላፊነት እንደመሆኑ ሁሉ የሰበካ ጉባኤውም ኃላፊነት ነው።

የኮቪድ ወረርሽኝ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በሀገራችን መግባቱ ከተረጋገጠ ወዲህ ቀድሞ በጤና ተቋማት ብቻ ይታዩ የነበሩ የእጅ ማጽጃ ዓይነቶች በየቤቱና በየአጥቢያው ተለምደዋል። ከእነዚህ አንዱ አልኮል የሌለበት እርጥብ የእጅ ማጽጃ፣ በተለምዶ «ዋይፕስ» የምንለው ነው። አንዳንዱ ከመድኃኒት ቤትና ከሱቅ ይገዛል፤ አንዳንዱ ደግሞ በውጭ ሀገር የሚኖሩ ምእመናን ለአጥቢያቸው በስጦታ የሚልኩት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ዕቃ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ እንዴት በጥንቃቄ እንደሚያዝ እናብራራለን።

አስቀድመን ዋናውን ቁም ነገር እንናገር። አልኮል አልባ ዋይፕስ ውሃ በሌለበት ሰዓትና ስፍራ የሚረዳ መጠባበቂያ እንጂ የውሃና የሳሙና ምትክ አይደለም። በተለይ ኮሌራንና ሌሎች የተቅማጥ በሽታዎችን በተመለከተ ይህን ልዩነት አለማወቅ የሰው ሕይወት እስከማሳጣት ይደርሳል።

ዋይፕሱ ምን ይዟል?

ዋይፕስ ማለት ፀረ ተሕዋስያን ኬሚካል በተቀላቀለበት ፈሳሽ የራሰ ስስ ጨርቅ ነው። ጨርቁ ሲታይ ወረቀት ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክነት ካለው ክር የተሠራ ነው። አልኮል በሌለባቸው የእጅ ማጽጃዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኬሚካል ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ይባላል። ይህ ኬሚካል በ1930ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለሕክምና አገልግሎት የዋለ ሲሆን በእጅ ማጽጃ ውስጥ ያለው መጠን ከ0.1 እስከ 0.13 በመቶ ገደማ ነው።

የአሠራሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። ባክቴሪያዎችና አንዳንድ ቫይረሶች በስብ በተሠራ ስስ ሽፋን የተጠቀለሉ ናቸው። ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ በዚህ ሽፋን ላይ ተጣብቆ ያፈርሰዋል፤ ሽፋኑ የፈረሰበት ተሕዋስ በሕይወት ሊቀጥል አይችልም። ነገር ግን ይህን ለማድረግ ጊዜና እርጥበት ያስፈልገዋል። ዋይፕሱ ከደረቀ፣ ወይም እጅ ላይ ጥቂት ብቻ ነካ ነካ ተደርጎ ከተጣለ፣ የሚፈለገው ውጤት አይገኝም።

ከአልኮሉ በምን ይለያል?

የዓለም ጤና ድርጅት ለእጅ ማጽጃ ያወጣቸው ሁለት የአሠራር ቀመሮች 80 በመቶ ኢታኖል ወይም 75 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል የያዙ ናቸው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከልም ሳሙናና ውሃ ካልተገኘ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለውን ሳኒታይዘር መጠቀምን ይመክራል። ስለዚህ በደረጃ ብናስቀምጠው፣ በመጀመሪያ ሳሙናና ውሃ፣ ቀጥሎ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር፣ ከዚያ በኋላ አልኮል አልባው ይመጣል።

ታዲያ አልኮል አልባው ለምን ተፈለገ? ለቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የሚመለከቱን ሦስት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው እሳት ነው። አልኮል በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ነበልባሉም ሐመር ሰማያዊ በመሆኑ በቀን ብርሃን ለማየት ያስቸግራል። በአልኮል የራሰ እጅ ሳይደርቅ ጧፍ የሚለኩስ ምእመን፣ ወይም በጽና ላይ ፍሕም የሚያደርግ ዲያቆን ራሱን ለቃጠሎ አደጋ ያጋልጣል። በፈሳሽ መልክ የተከማቸ የአልኮል ሳኒታይዘር ከመብራትና ከሻማ አጠገብ ቢቀመጥ ደግሞ አደጋው ለሕንፃውም ይተርፋል። በዚህ ረገድ አልኮል አልባው የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ የደረቀ ዋይፕስ እንደ ማንኛውም ስስ ጨርቅ ስለሚቃጠል እርሱም ከእሳት መራቅ አለበት።

ሁለተኛው ቆዳ ነው። አልኮል በተደጋጋሚ ሲቀባ ቆዳን ያደርቃል፤ በተሰነጠቀ ወይም በቆሰለ እጅ ላይም ያቃጥላል። ሦስተኛው፣ ሕፃናት ወይም ሌሎች ሰዎች የአልኮል ሳኒታይዘርን ቢጠጡ የሚደርሰው መመረዝ ከባድ መሆኑ ነው። ይህ ማለት ግን አልኮል አልባው ለቆዳም ሆነ ለሕፃናት ምንም ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዋይፕሱ የማይሠራው ሥራ

ሰበካ ጉባኤዎች በዚህ ክፍል ላይ በተለየ ሁኔታ እንዲወያዩ እናሳስባለን።

አልኮል አልባው ዋይፕስ በብዙ ባክቴሪያዎች ላይና የስብ ሽፋን ባላቸው ቫይረሶች ላይ ይሠራል። የስብ ሽፋን በሌላቸው ቫይረሶች ላይ ግን ደካማ ነው፤ ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትለው ኖሮ ቫይረስ ከእነዚህ አንዱ ነው። እንደ አሜባና ጃርዲያ ያሉት ጥገኛ ተሕዋስያን ለራሳቸው በሚሠሩት ጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ሆነው ከእጅ ወደ አፍ ይተላለፋሉ። የወስፋት ትል እንቁላልም እንዲሁ ጠንካራ ቅርፊት አለው። እነዚህን ዋይፕስ ይገድላቸዋል ብሎ መተማመን አይገባም። ከእጅ የሚወገዱት በሳሙና ተፈትገው፣ በውሃ ታጥበው ሲሄዱ ነው።

ቆሻሻ ያለበት እጅም ሌላው ችግር ነው። በእጅ ላይ ጭቃ፣ ቅባት፣ ሊጥ፣ ደም ወይም ዓይነ ምድር ካለ ኬሚካሉ በቆሻሻው ላይ ይባክናል፤ ወደ ተሕዋሱም አይደርስም። ስለዚህ ዋይፕስ ለዓይን ንጹሕ ለሚመስል እጅ የተሠራ ነው። ከመጸዳጃ ቤት የወጣ፣ ሕፃን ያጸዳ፣ ሕመምተኛ ያስታመመ ወይም በሬ ያረደ ሰው እጁን በሳሙናና በውሃ ከመታጠብ በቀር ሌላ አማራጭ የለውም።

ሕዝብ በብዛት በሚሰበሰብባቸው የጸበል ቦታዎች ጭምር ኮሌራ የተከሰተባቸው ጊዜያት መኖራቸውን እናውቃለን። ኮሌራ የሚተላለፈው በተበከለ ውሃና ምግብ በመሆኑ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያስፈልገው የታከመ የመጠጥ ውሃ፣ በቂ መጸዳጃ ቤት፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ሳሙና ያለው የእጅ መታጠቢያና የጤና ባለሙያ ክትትል ነው። ሰበካ ጉባኤው «ዋይፕስ አድለናል» ብሎ ቢዘናጋ ምእመናንን ለአደጋ ያጋልጣል። ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰው ሲታይም ወዲያውኑ ለአካባቢው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ለጤና ጣቢያ ማሳወቅ ይገባል።

ስለ ትራኮማም አንድ ነገር እንጨምር። ሀገራችን በዚህ የዓይን በሽታ በእጅጉ ከተጎዱት የዓለም ሀገሮች አንዷ ናት። በሽታውን ከመከላከያ መንገዶች አንዱ የሕፃናትን ፊት በውሃ አዘውትሮ ማጠብ ነው። የእጅ ማጽጃ ዋይፕስ ለእጅ እንጂ ለፊት አልተሠራም፤ ኬሚካሉ ወደ ዓይን ቢገባ ይቆጠቁጣል፣ ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል። እናቶች የሕፃናትን ዓይንና አፍንጫ በዚህ ዋይፕስ እንዳይጠርጉ መምህራንና ካህናት ቢያስተምሩ መልካም ነው።

ማሸጊያውን ማንበብ

ሁሉም እርጥብ ሶፍት አንድ አይደለም። በገበያ ላይ ሦስት የሚመሳሰሉ ነገር ግን የተለያዩ ዕቃዎች አሉ። አንደኛው ለእጅ የተሠራው ፀረ ተሕዋስያን ዋይፕስ ነው። ሁለተኛው የሕፃናት ዋይፕስ ነው፤ ይህ ቆሻሻ ለመጥረግ እንጂ ተሕዋስያንን ለመግደል የተሠራ አይደለም። ሦስተኛው ለጠረጴዛ፣ ለበር እጀታና ለመሬት የሚሆነው ነው፤ ይህኛው ለቆዳ የማይስማሙ ጠንካራ ኬሚካሎችን ሊይዝ ስለሚችል በእጅ ላይ ማሸት አይገባም። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ጣሳ ወይም ላስቲክ ተጠቅልለው ሊገኙ ስለሚችሉ የሥዕሉን ውበት ሳይሆን ጽሑፉን ማየት ያስፈልጋል።

ዕቃው ሲገዛ ወይም በስጦታ ሲደርስ፣ የማሸጊያውን ቋንቋ የሚያነብ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ወይም የጤና ባለሙያ በተገኘበት የሚከተሉት ይታዩ።

በመጀመሪያ፣ ለእጅ መሆኑ በግልጽ መጻፉ ይረጋገጥ። ሁለተኛ፣ የፀረ ተሕዋስያኑ ኬሚካል ስምና መጠን መኖሩ ይታይ፤ ስሙ የሌለበት ዕቃ ምን እንደያዘ ማወቅ አይቻልም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ትራይክሎሳንን ጨምሮ 28 ኬሚካሎች በእጅ ማጽጃ ውስጥ እንዳይገቡ ወስኗል፤ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድን በተመለከተ ግን ተጨማሪ ጥናት እስኪቀርብ ድረስ ውሳኔውን አቆይቶ በገበያ ላይ እንዲቀጥል ፈቅዷል። ስለዚህ ትራይክሎሳን የያዘ አሮጌ ዕቃ ቢገኝ አለመጠቀም ይመረጣል። ሦስተኛ፣ ሽቶና ማቆያ ኬሚካሎች ይታዩ። በአንዳንድ ዋይፕስ ውስጥ የሚጨመረው ሜቲልአይሶታያዞሊኖን የተባለው ማቆያ በቆዳ ላይ አለርጂ በማስነሣት ይታወቃል።

አራተኛው የአገልግሎት ዘመኑ ነው። ከውጭ በመጡ ዕቃዎች ላይ ያለው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይሆናል። ለምሳሌ በማሸጊያው ላይ የማብቂያ ጊዜው የ2026 ስድስተኛ ወር ነው የሚል ቢኖር፣ ዕቃው የሚያበቃው በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 2018 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩን እንደ ኢትዮጵያ ዘመን ቆጥሮ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል ብሎ በዕቃ ቤት ማከማቸት ብዙ ገንዘብና ብዙ ስጦታ ከንቱ ያደርጋል። ስለዚህ የዕቃ ቤት ኃላፊው ካርቶኑን በተረከበበት ዕለት የኢትዮጵያን ቀን በትልቁ ጽፎ ይለጥፍበት።

የአጠቃቀም ቅደም ተከተል

እጅ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ካለ አስቀድሞ በውሃ ይታጠባል። ሳሙና ከተጠቀምን ደግሞ ሳሙናው ሙሉ በሙሉ መልቀቅ አለበት። ምክንያቱም የሳሙና ቅሪት ከቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ጋር ሲገናኝ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል። በሳሙና በሚገባ የታጠበ እጅ በእርግጥ ዋይፕስ ጨርሶ አያስፈልገውም።

ከዚያም አንድ ዋይፕስ ተወስዶ ጨርቁ ይዘረጋል። መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መካከል፣ አውራ ጣት፣ የጣት ጫፍና የጥፍር ሥር በቅደም ተከተል ይታሻሉ። አውራ ጣትና የጥፍር ሥር ብዙ ጊዜ የሚዘነጉ ናቸው። እጁ በማሸጊያው ላይ ለተጻፈው ጊዜ ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ጊዜው ካልተጻፈ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት ተገቢ ነው። አንዱ ዋይፕስ እጅን በሙሉ ለማራስ ካልበቃ ሁለተኛ ይጨመራል። በመጨረሻም እጁ በነፋስ እንዲደርቅ ይተዋል፤ በነጠላ ወይም በጋቢ ጫፍ መጥረግ ኬሚካሉን ሥራውን ሳይጨርስ ማንሣት ነው።

አንድ ዋይፕስ ለአንድ ሰው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። እናት ለአራት ልጆቿ አንዱን እያዘዋወረች ብትጠርግ የአንዱን እጅ ቆሻሻ ወደ ሌላው ታሸጋግራለች።

የደረቀውን ዋይፕስ በውሃ አርሶ ለመጠቀም መሞከር አይገባም፤ ጨርቁ ይርሳል እንጂ የኬሚካሉ መጠን አይመለስም። እንዲሁም ጥጥ ወይም ፎጣ በፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ ነክሮ በጣሳ በማስቀመጥ ዋይፕስ በቤት ውስጥ መሥራት አደገኛ ነው። ጥጥ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድን ወደ ራሱ ስቦ ስለሚያስቀር ፈሳሹ ይደክማል፤ በደከመው ፈሳሽ ውስጥም ይህን ኬሚካል የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። በሕክምና ተቋማት ውስጥ በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ጥጥ ራሱ የኢንፌክሽን ምንጭ ሆኖ የተገኘባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና ታሪክ ተመዝግበዋል።

በቤተ መቅደስና በቤተ ልሔም

ካህኑ በቅዳሴ ጊዜ እጁን በውሃ የሚታጠብበት ሥርዓት አለ። ዋይፕስ ለዚህ ሥርዓት ቦታ የሚገባ ነገር አይደለም። እኛ የምንናገረው ከሥርዓቱ ውጭ ስላለው የዕለት ተዕለት ንጽሕና ብቻ ነው።

በቤተ ልሔም መገበሪያ የሚያዘጋጁ አገልጋዮች እጃቸውን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጥበው በሚገባ ያለቅልቁ። ዋይፕስ ከደረቀ በኋላ የኬሚካሉ ቅሪት በቆዳ ላይ ይቀራል። ሊጥ በሚያቦካ እጅ ላይ ይህ ቅሪት እንዲኖር አንፈልግም።

ጻሕልና ጽዋዕን፣ ሌሎችንም ንዋያተ ቅድሳት በእጅ ማጽጃ ዋይፕስ መጥረግ አይገባም። የእነርሱ አያያዝ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተወሰነ ነው፤ ከዚህም በላይ ዕቃው ለእጅ ቆዳ እንጂ ለብረታ ብረትና ለምግብ ዕቃ የተሠራ አይደለም። በሥዕለ አድኅኖ ላይም እንዲሁ እርጥበቱና ኬሚካሉ ቀለሙን ሊጎዳ ይችላል። የብራና መጻሕፍትን የሚያነብ አገልጋይ እጁ ንጹሕና ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። ገና እርጥብ በሆነ እጅ ብራና መግለጥ ቀለሙንም ቆዳውንም ያበላሻል።

ብዙ ሕዝብ የሚሳለመውን የእጅ መስቀል በተመለከተ አንድ ዋይፕስ ይዞ ደጋግሞ መጥረግ ንጽሕናን አያመጣም። ወረርሽኝ በሚከሰትበት ጊዜ ስለ መሳለም የሚወሰነውን የሚወስኑት አባቶች ናቸው፤ የሰበካ ጉባኤው ድርሻ መመሪያውን ለምእመናን በጊዜው ማድረስ ነው።

በዝክርና በጠበል ጸዲቅ

እንግዳን አስታጥቦ ማዕድ ማቅረብ የኖረ ባህላችን ነው። ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ እየዞረ ውሃ የሚያፈስስ ታናሽ ልጅ የአክብሮት ምልክት ብቻ አይደለም፤ ማዕዱን ከበሽታ የሚጠብቅ አገልጋይም ነው። በእጅ የምንበላ ሕዝብ እንደመሆናችን ይህ ልማድ በዋይፕስ ተተክቶ እንዲጠፋ አንመክርም። መሻሻል ያለበት ነገር ካለ ሳሙና መጨመሩና ሁሉም በአንድ ሳፋ ውስጥ እጁን ከመንከር ይልቅ በሚወርድ ውሃ መታጠቡ ነው።

ወጪውንም እናስላ። ለዝክር 300 ሰው ቢመጣና ለእያንዳንዱ አንድ ዋይፕስ ቢታደል፣ 80 ፍሬ ከሚይዘው እሽግ ለአንድ ማዕድ ብቻ አራት ያስፈልጋል። በአንጻሩ ለአንድ ሰው ግማሽ ሊትር ውሃ ብናስብ ለ300 ሰው 150 ሊትር፣ ማለትም 20 ሊትር የሚይዙ ስምንት ጀሪካኖች ይበቃሉ። በአጥቢያው ገንዘብ በየበዓሉ ዋይፕስ ከመግዛት ይልቅ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል አንድ ጊዜ መግዛት ለዓመታት ያገለግላል።

ደረቅ ሳሙና እየጠፋ ለሚያስቸግርበት ስፍራ የሳሙና ውሃ ማዘጋጀት ይቻላል። 30 ግራም ያህል የልብስ ሳሙና ዱቄት በ1.5 ሊትር ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ፣ ክዳኑ በተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይደረጋል። ምእመኑ ከዚህ ጥቂት በእጁ ላይ አፍስሶ ካሸ በኋላ በንጹሕ ውሃ ይለቃለቃል። ይህ ርካሽ ዘዴ ከማንኛውም ዋይፕስ ይልቅ ለተቅማጥ መከላከያ ይጠቅማል።

ለአብነት ተማሪዎችና ለሕፃናት

የአብነት ተማሪዎች በጠባብ ጎጆ አብረው የሚያድሩ፣ ብዙዎቹም ከትውልድ መንደራቸው ርቀው የሚኖሩ ናቸው። በእነርሱ ዘንድ እከክና ሌሎች የቆዳ በሽታዎች ቢታዩ ዋይፕስ መድኃኒት አይሆንም። እከክ በቆዳ ውስጥ በሚቦረቡር ጥቃቅን ተባይ የሚመጣ ሲሆን የሐኪም መድኃኒት፣ የልብስና የመኝታ እጥበት፣ እንዲሁም አብረው የሚያድሩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማከም ይፈልጋል። በቆሰለ ቆዳ ላይ ዋይፕስ ማሸት ሕመሙን ያባብሳል። ለጉባኤ ቤቱ ዋይፕስ በካርቶን ከመላክ ይልቅ ሳሙናና የውሃ ማጠራቀሚያ መላክ የበለጠ በጎ አድራጎት ነው።

በሰንበት ትምህርት ቤት ለሕፃናት ዋይፕስ የሚሰጠው በመምህር እጅ ይሁን። ሕፃናት እርጥቡን ጨርቅ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ፣ ይመጡታል፣ ዓይናቸውንም በእርጥብ እጅ ያሻሉ። እሽጉ ልጆች በማይደርሱበት ከፍ ያለ ስፍራ መቀመጥ አለበት።

ጉዳት ቢደርስ

ኬሚካሉ ወደ ዓይን ቢገባ ዓይኑን ገልጦ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ማቃጠሉ ካልተወም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። በእጅ ላይ መቅላት፣ ማሳከክ ወይም ሽፍታ ከታየ መጠቀሙን አቁሞ እጁን በውሃ መታጠብ ነው። አስም ያለበት ሰው ሽቶ ባለው ዋይፕስ ምክንያት ትንፋሽ ቢያጥረው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፣ እርዳታም በፍጥነት ይፈለግለት። ሕፃን ፈሳሹን ከመጠጠ ወይም ጨርቁን ከዋጠ ለማስታወክ መሞከር አይገባም፤ ማሸጊያውን ይዞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የጤና ባለሙያው የኬሚካሉን ስም ከማሸጊያው ላይ በማንበብ ተገቢውን እርዳታ ይሰጣል።

አቀማመጥና አወጋገድ

እሽጉ ከተከፈተ በኋላ ክዳኑ በየጊዜው በሚገባ ይዘጋ። ከፀሐይና ከሙቀት የራቀ ጥላ ስፍራ፣ ከምግብና ከመገበሪያ የተለየ መደርደሪያ ያስፈልገዋል። ከበረኪና ወይም ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም።

ያገለገለው ዋይፕስ በመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ አይጣል። የጨርቁ ክር እንደ ወረቀት ስለማይሟሟ ጉድጓዱን ቶሎ ይሞላል፣ በከተማም የፍሳሽ ቱቦ ይዘጋል። በቅጥር ግቢው ዛፎች ሥር የተጣለውም ለረጅም ጊዜ ሳይበሰብስ ይቆያል፤ ከብት ይበላዋል፣ ጎርፍ ወደ ምንጭ ይወስደዋል። አባቶቻችን ጠብቀው ያቆዩልን የቤተ ክርስቲያን ደን በፕላስቲክ እንዳይቆሽሽ መጠበቅ የእኛ አደራ ነው። ማቃጠልም መርዛማ ጢስ ያወጣል። ስለዚህ ዋይፕስ በሚታደልበት ስፍራ ሁሉ ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ አብሮ ይቀመጥ፤ የተሰበሰበውም በከተማ ለደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጥ፣ በገጠር ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ በራቀ ስፍራ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።

ሰበካ ጉባኤው ምን ይወስን?

ከዚህ ሁሉ በመነሣት እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በመደበኛ ስብሰባው አራት ነገሮችን ቢወስን መልካም ነው እንላለን።

አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ የግቢው መጸዳጃ ቤትና ከማዕድ ቤቱ አጠገብ ውሃና ሳሙና ያለው መታጠቢያ መኖሩን ይመርምር፤ ከሌለ ለዋይፕስ የታሰበው ገንዘብ በቅድሚያ ለዚህ ይዋል። ሁለተኛ፣ መታጠቢያውን በየቀኑ ውሃና ሳሙና የሚሞላ ኃላፊ በስም ይመደብ፤ ኃላፊ የሌለው በርሜል ብዙ ሳይቆይ ባዶውን ይቀራል። ሦስተኛ፣ ያለው ዋይፕስ በእውነት ለሚያስፈልግበት ቦታ ይቀመጥ፤ ለምሳሌ በመንገድ ላይ ላሉ ተጓዦች፣ በየቤቱ እየዞሩ ሕሙማንንና አረጋውያንን ለሚጠይቁ ካህናት፣ ውሃ በተቋረጠ ጊዜ ለሚያገለግሉ ምእመናን። አራተኛ፣ በውጭ ሀገር ያሉ ምእመናን ስጦታ ከመላካቸው በፊት አጥቢያው በእርግጥ የሚያስፈልገውን ዝርዝር በትሕትና ይላክላቸው። ብዙዎቹ ለማጓጓዣ በሚያወጡት ገንዘብ እዚሁ ሀገር ውስጥ ሳሙናና የውሃ ማጠራቀሚያ ሊገዛ እንደሚችል ቢነገራቸው ደስ ብሏቸው ይፈጽሙታል።

የቤተ ክርስቲያን ልጆች በጤና ተሰብስበው በጤና ወደየቤታቸው እንዲመለሱ የሚያደርገው ውድ ዕቃ ሳይሆን በጊዜው የተሞላ ጀሪካንና አጠገቡ የተቀመጠ ሳሙና ነው። ዋይፕስም በተገቢው ቦታና በተገቢው መንገድ ከዋለ ከዚህ ጎን የሚቆም ረዳት ይሆናል።